ከበቅሎ እስከ ሞተር ብስክሌት፦ ስለ መርዶ መንገድና ስለ ሞተር አመራረጥ



ባለፈው ጠቅላላ ጉባኤ ዕድሩ ለመርዶ መልእክት የሚያገለግል አንድ ሞተር ብስክሌት ይግዛ የሚል ሐሳብ ሲቀርብ ጉባኤው ለሁለት እንደ ተከፈለ ታስታውሳላችሁ። ግማሹ «ይኸኛው ይሻላል» አለ፤ ግማሹ «የለም፣ ጠንካራው ያኛው ነው» አለ። ሁለቱም ሞተሮች ከአንድ አገር የመጡ፣ ጉልበታቸውም ዋጋቸውም የሚቀራረብ፣ ከሩቅ ለሚያያቸው ሰው ከቀለማቸው በቀር የማይለዩ ናቸው። ክርክሩ እስኪመሽ ቆይቶ ያለ ውሳኔ ተበተንን።

እኛም ከዚያ ወዲህ ነገሩን ስናሰላስለው፣ በዚህ አገር ከሚመሳሰሉ ነገሮች አንዱን መርጦ ለመንገዱ እንዲስማማ አድርጎ ማሰናዳት አዲስ ጉዳይ አለመሆኑን ተረዳን። አባቶቻችን በበቅሎ አድርገውታል፤ ጣልያን በሞተር አድርጎታል፤ የመንግሥት መሥሪያ ቤቶችም አድርገውታል። ስለዚህ ታሪኩን ከሥሩ ጀምረን በአጭሩ ብናቀርበው ለውሳኔው ይረዳል ብለን ብዕራችንን አነሣን።

አንዳንድ ወጣቶች «በሞባይል ዘመን ሞተር ለምን?» እንደሚሉ እናውቃለን። መልሱ አጭር ነው። ከተራራው ጀርባ ኔትወርክ አይገባም፤ ቢገባም መርዶ በስልክ አይነገርም። ደግሞም በነሐሴ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ዳባት ወረዳ ጭና ድረስ በደረሰ ጊዜ፣ መንገድ ሲዘጋ ሐዘን ምን ያህል እንደሚከብድ ሁላችንም አይተናል። ሟችን መቅበር አንድ ነገር ነው፤ ለዘመድ በጊዜ ማድረስ ሌላ ነገር ነው።

የበቅሎ ዘመን

ከደባርቅ ቁልቁል ወደ ሊማሊሞ፣ ወይም ሽቅብ ወደ ጃናሞራ ለሚሄድ ሰው መራጩ መንገዱ ራሱ ነው። ደባርቅ ከባሕር ወለል በላይ 2,850 ሜትር አካባቢ ትገኛለች። ሳንቃበር ከ3,200፣ ጨነቅ ከ3,600 ሜትር በላይ ናቸው፤ በቧሒት በኩል የሚያልፈው መንገድ ደግሞ ከ4,200 ሜትር በላይ ይወጣል። በእንዲህ ያለ አገር ፈረስ ለጉግስና ለሜዳ ነው፤ ለገደሉ በቅሎ ናት። ፈረስ ሲደነግጥ ይዘላል፤ በቅሎ ስትደነግጥ ትቆማለች። በገደል አፋፍ ላይ መዝለልና መቆም ምን ያህል እንደሚለያዩ ለስሜን ሰው መንገር አያስፈልግም።

ታዲያ በቅሎም ከበቅሎ ይለያል። ለሽማግሌና ለካህን ሰጋሯ ትመረጣለች፤ ለእህል ጭነት ደግሞ አካሄዷ ባያምርም ወገቧ የጠናው። የድሮ ሰው ሁለት የሚመሳሰሉ በቅሎዎች ገበያ ላይ ሲቀርቡለት ቀለማቸውን አይቶ አይወስንም ነበር። አፏን ከፍቶ ጥርሷን፣ እግሯን አንሥቶ ሰኮናዋን ያያል። ከሁሉ በፊት ግን ኮርቻውን አውርዶ ጀርባዋን ያያል፤ ነጋዴ ገጣባን የሚደብቀው ከኮርቻ ሥር ነውና። ይኸን ነገር ልብ በሉልን፤ ወደ ኋላ እንመለስበታለን።

ከገዛም በኋላ ሥራው አላለቀም። ኮርቻው ለዚያች በቅሎ ጀርባ መበጀት አለበት። ለአንዷ የተበጀ ኮርቻ ሌላዪቱን ያገጥባል። ልጓሙ እንደ አፏ፣ እርካቡ እንደ ጋላቢው እግር ይስተካከላል። ጭነቱም በግራና በቀኝ እኩል ካልተከፈለ በቅሎዋ በሊማሊሞ ጠመዝማዛ ላይ ሚዛኗን ትስታለች። እንግዲህ ዛሬ ወጣቶቹ ሞተር «ማሳመር» የሚሉት ነገር አባቶቻችን ዘንድ መንገድን ከከብት ጋር ማስማማት ነበር። ልዩነቱ፣ የእነርሱ ለዓይን ሳይሆን ለጀርባ መሆኑ ነው።

«በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች» ይባላል። ሰው ይኸን ተረት ለማላገጥ ይጠቀምበታል። እኛ ግን የበቅሎ ጥቅሟ ከዚሁ ከድብልቅነቷ መሆኑን እናስታውሳለን። በሞተርም ነገር እንዲሁ መሆኑን ከዚህ በታች እናያለን።

ጣልያን ያመጣውና የተወው

መጋቢት 23 ቀን 1928 ዓ.ም. በአኪሌ ስታራቼ የሚመራው የጣልያን ሞተረኛ ጦር በምዕራብ በኩል ከኦምሐጀር ተነሥቶ ጎንደር ገባ። ከዚያ በኋላ ጎንደርን ከአስመራ ጋር ለማገናኘት የወልቀፊት ገደል ተቆርጦ እስከ ዛሬ የምናውቀው የሊማሊሞ ጠመዝማዛ መንገድ ወጣ። አምባ ጊዮርጊስ፣ ወቅን፣ ዳባትና ደባርቅ በአንድ የመኪና መንገድ የተያያዙት በዚያ ዘመን ነው።

ጣልያኖች ሞተር ብስክሌት ለመልእክት ይጠቀሙበት ነበር። ከሞተሮቻቸው አንዱ ሞቶ ጉዚ ጂ.ቲ. 17 ነበረ። 500 ሲሲ ጉልበት ያለው፣ አንድ ሲሊንደሩ ወደ ፊት የተጋደመ ሞተር ነው፤ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1932 ጀምሮ ለጦር ሠራዊቱ ተሠራ። ታሪኩ የሚያስገርም ነው። በ1928 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የፋብሪካው መሥራች ወንድም ጁዜፔ ጉዚ፣ የኋላ ጎማው በሞላ የሚነጥር አዲስ ሞተር ሠርቶ ከጣልያን እስከ ኖርዌይ ሰሜናዊ ጫፍ ድረስ ነዳው። በዚያ ጊዜ ሰው «የኋላ ሞላ ሞተሩን ያወላግደዋል» እያለ ይጠራጠር ነበር፤ እርሱ ግን በክርክር ፈንታ በመንገድ አስረዳ። ያ በሰላም ጊዜ ለረጅም መንገድ የተፈለሰፈ ሞላ በኋላ ለጦር ሞተሮች ዋለ። ከዚህ የምንወስደው ትምህርት ቢኖር፣ ሞተር የሚፈተነው በጉባኤ አዳራሽ ሳይሆን በሚሄድበት መንገድ ላይ መሆኑን ነው።

ወልቀፊት ላይ የመሸገው የጣልያን ጦር በመስከረም 1934 ዓ.ም. እጁን ሰጠ፤ የጎንደሩም ኅዳር 18 ቀን 1934 ዓ.ም. ተሸነፈ። ሰዎቹ ሄዱ፤ መንገዱና ቃላቱ ቀሩ። ዛሬ ጋራዥ ገብተን ስለ ሞተር ስናወራ ግማሹን የምናወራው በጣልያንኛ ነው። ማርሽ፣ ፍሬን፣ ጎማ፣ ፍሬቻ፣ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ሞላ፣ ካቴና፣ ቸርኬ፣ እነዚህ ሁሉ ከእነርሱ የቀሩ ናቸው። የደባርቅ ልጅ ጣልያንኛ ሳይማር «ካንዴላው ቆሽሿል» ይላል። ጠላት ከተወው ሁሉ ምናልባት ይኸ ነው ያልጎዳን።

የመሥሪያ ቤት ሞተሮች

ጣልያን ከሄደ በኋላ ገጠሩ ወደ በቅሎው ተመለሰ፤ በመሠረቱ ተለይቶትም አያውቅም። የስሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1962 ዓ.ም. ሲቋቋምና በ1970 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሲገባ እንኳ ጎብኚውንም ጓዙንም የሚያመላልሰው የደባርቅ በቅሎ ነበር። ሞተር ብስክሌት ወደ ገጠር የዘለቀው በግብርና፣ በጤናና በሌሎችም የመንግሥት ሥራዎች በኩል ነው።

በ1970ዎቹና በ1980ዎቹ ከመጡት ሞተሮች ውስጥ ሦስቱ ከሩቅ የሚመሳሰሉ ነበሩ። ሁሉም ጃፓን ሠራሽ፣ ሁሉም ባለ አንድ ሲሊንደር፣ ሁሉም ለአስፋልትም ለኮረኮንችም የሚሆኑ። አንደኛው ያማሃ ኤጂ 100 ነው። ይኸ ሞተር መጀመሪያ የታሰበው ለአውስትራሊያና ለኒውዚላንድ ገበሬ ነበር። ካቴናው በሙሉ ስለ ተሸፈነ ጭቃና አቧራ አይነካውም፤ ከፊትም ከኋላም ዕቃ መጫኛ አለው፤ መቆሚያውም በግራና በቀኝ በኩል ስለሆነ ተዳፋት ላይ በፈለጉት ወገን ያቆሙታል። ሁለተኛው ያማሃ ዲቲ 125 ነው፤ ቁመቱ ከፍ ያለ፣ ሞላው ረጅም፣ የፊት ጎማው ትልቅ፣ ድንጋይ ለመዝለል የተመቸ፣ ወጣት የሚወደው። ሦስተኛው ሆንዳ ኤክስኤል 125 ነው፤ መልኩ ከዲቲው ጋር ሲቀራረብ ሆዱ ግን ሌላ ነው።

ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው። ሁለቱ ያማሃዎች ቱ ስትሮክ፣ ማለት ባለ ሁለት ምት ናቸው፤ ሆንዳው ፎር ስትሮክ፣ ማለት ባለ አራት ምት ነው። ባለ ሁለት ምት ሞተር ቀላል ነው፤ ዕቃው ትንሽ፣ አፈታቱ ቀላል፣ ለክብደቱ ጉልበተኛ ነው። ነገር ግን ፒስቶኑን የሚያለሰልሰው ዘይት ከቤንዚኑ ጋር አብሮ ገብቶ አብሮ የሚቃጠል ነው። በነዚህ ያማሃዎች ዘይቱ ለብቻው በትንሽ ጋን ይቀመጥና በፓምፕ እየተለካ ይገባል። ጋኑ ባዶ ከሆነ ፒስቶኑ በደረቁ ይሄዳል ማለት ነው። ባለ አራት ምቱ ግን ዘይቱን በሆዱ ይዞ ይዞራል፤ አያቃጥለውም።

ሁለተኛም ነገር አለ። ረጅም ቁልቁለት ላይ፣ ለምሳሌ ከደባርቅ እስከ ዛሪማ ስንወርድ፣ ጋዙን ዘግተን ሞተሩ እንዲይዘን እንፈልጋለን። ባለ አራት ምት ሞተር በዝቅተኛ ማርሽ ደኅና አድርጎ ይይዛል። ባለ ሁለት ምቱ አያያዙ ደካማ ነው፤ ከዚያም በላይ ጋዙ ሲዘጋ የሚገባለት ዘይት ይቀንሳል። ስለዚህ የለመደ ነጂ ሊማሊሞ ሲወርድ አልፎ አልፎ ጋዙን ከፈት ዘጋ እያደረገ ዘይት ያጠጣዋል። ያለመደው ግን ጸጥ አድርጎ እየወረደ «ሞተሩ ዛሬ ደግ ሆነ» ይላል፤ ከታች ሲደርስ ግን ያዝናል።

አንድ የክረምት ቀን

እዚህ ላይ ለዓመታት በሆዳችን የያዝነውን አንድ ነገር ብንናገር ለውሳኔው ይጠቅማል። እኛ በአንድ መሥሪያ ቤት የሞተሮችን መዝገብ እንይዝ ነበር። ማን ወሰደ፣ ስንት ሊትር ቀዳ፣ ስንት ኪሎ ሜትር ሄደ፣ ይኸን ጽፎ መፈረም የእኛ ሥራ ነበረ። በ1970ዎቹ አንድ ክረምት፣ ደባርቅ ላይ አንዲት እናት ባረፉ ጊዜ ልጃቸው አምባ ጊዮርጊስ ነበርና መርዶ ነጋሪ እንዲሄድ የመሥሪያ ቤቱ ሞተር ተፈቀደ። ሞተሩ ባለ ሁለት ምት ነው። እኛም ቤንዚኑን ለክተን መዘገብን፤ የዘይቱን ጋን ግን ክዳኑን ከፍተን አላየንም። ፈረምን።

ነጂው ዳባትን አልፎ ወቅን ሳይደርስ ፒስቶኑ በሲሊንደሩ ውስጥ ተጣብቆ ቀረ። ዝናብ ነው፤ መኪና የለም። አንድ ገበሬ በቅሎውን አዋሰውና ቀሪውን መንገድ በበቅሎ ሄደ። ልጁ ደባርቅ የደረሰው እናቱ አፈር ከለበሱ በኋላ ነው። ጥፋቱ የሞተሩም የፋብሪካውም አልነበረም። ልጁ እኛን አንድም ቃል አልተናገረንም፤ ቢናገረን ይሻለን ነበር። እንግዲህ በጉባኤው ላይ «የትኛው ሞተር ያምራል» ሲባል ዝም ያልነው ይኸ ትዝ ስላለን ነው። ሞተር ስንመርጥ የምንመርጠው እንዲህ ያለ ስሕተት በቀላሉ የማይገኝበትን ነው።

የሩቅ መንገደኞች ከምን አንጻር ይመርጣሉ?

ለረጅም ጉዞ ሞተር የሚመርጡ የውጭ ሰዎች በእኛም አገር አልፈዋል። ቴድ ሳይመን የሚባል እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ መስከረም 26 ቀን 1966 ዓ.ም. ከለንደን ተነሥቶ በሱዳንና በመተማ በኩል ጎንደር የደረሰው በዚያው ዓመት ነው። የነዳው 500 ሲሲ የሆነ ትራያምፍ ታይገር ነበር። በዚያን ጊዜ ከዚያ የሚበልጥ ሞተር አልጠፋም፤ እርሱ ግን አራት ዓመት ነድቶ ከ100,000 ኪሎ ሜትር በላይ በዚያው ሞተር ሄደ። በመንገድ ላይ ሲበላሽበት እየፈታ እየገጠመ ነበር። ዕድሜው 70 ሊሞላ ሲል ደግሞ በ1993 ዓ.ም. ያንኑ መንገድ እንደገና ጀመረው፤ በዚህ ጊዜ በቢኤምደብሊው አር 80 ጂኤስ ሆነ።

የዚህ ሞተር ነገር ከበቅሎ ተረታችን ጋር ይገናኛል። በ1980 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ቢኤምደብሊው መጀመሪያ ሲያወጣው ስሙን የሰየመው በሁለት የጀርመንኛ ቃላት ነው፤ አንዱ ሜዳና ኮረብታውን፣ ሁለተኛው የተሠራውን መንገድ ያመለክታል። ማለትም የአስፋልት ሞተርና የገጠር ሞተር ተዳቅለው የተወለደ በቅሎ ነው። ብዙዎች «ለሁለቱም የሚሆን ለአንዱም አይሆንም» ብለውት ነበር፤ እርሱ ግን በፓሪስ ዳካር ውድድር ደጋግሞ አሸነፈ።

ሁለት የታወቁ የእንግሊዝ አገር የፊልም ተዋንያን፣ ኢዋን ማክግሪገርና ቻርሊ ቡርማን፣ በ2004 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከለንደን ኒውዮርክ ለመሄድ ሲነሡ በሁለት ሞተሮች መካከል ተከራክረዋል። አንደኛው የኦስትሪያው ኬቲኤም፣ ሁለተኛው የጀርመኑ ቢኤምደብሊው ነበር። ኬቲኤም ሳይስማማ ስለቀረ በቢኤምደብሊው ሄዱ። ሞተሮቹ ጓዛቸው ሳይጨመር ከ250 ኪሎ በላይ ይመዝናሉ። ሞንጎሊያ ላይ የካሜራ ባለሙያቸው ሞተር አካሉ ተሰበረ። ያን ጊዜ ምን አደረጉ? እዚያው አገር ኢዝ የሚባል ሩሲያ ሠራሽ ርካሽ ባለ ሁለት ምት ሞተር ገዝተውለት ጉዞውን ቀጠለ። ውዱ ሲቆም ርካሹ ሄደ። እነዚሁ ሰዎች በ1999 ዓ.ም. ከስኮትላንድ ኬፕታውን ሲጓዙ በኢትዮጵያ አልፈዋል። እንግዲህ ትምህርቱ ምንድር ነው ብትሉ፣ ከሁሉ የሚበልጠው ሞተር በካታሎግ አንደኛ የሆነው አይደለም፤ በቆመበት ቦታ የሚጠግነው ሰውና የሚገጥምለት መለዋወጫ ያለው ነው።

ለእኛ የሚሆነው

አሁን በጉባኤው የቀረቡት ሁለቱ፣ ባጃጅ ቦክሰርና ቲቪኤስ፣ ሁለቱም ሕንድ ሠራሽ፣ ሁለቱም ባለ አራት ምት፣ ሁለቱም በነፋስ የሚቀዘቅዙ ናቸው። የዘይቱ ጉዳይ በዚህ በኩል ተቃሏል፤ አልጠፋም ግን። እኛ የምንለው፣ በስሙ ከመከራከር ይልቅ የሚከተሉትን ነገሮች በተራ መመርመር ይሻላል ነው።

1ኛ/ ጥገናው። ከደባርቅና ከዳባት ጋራዦች ሄደን የካቴና፣ የፍሪሲዮንና የፍሬን ሸራ መለዋወጫ ለየትኛው በቅርብ እንደሚገኝ እንጠይቅ። ለአንዱ ጎንደር ድረስ 100 ኪሎ ሜትር መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ ክርክሩ እዚያው ላይ አለቀ።

2ኛ/ ከፍታው። ሞተርም እንደ ሰው አየር ይተነፍሳል። በየ1,000 ሜትር ከፍታ ከጉልበቱ አንድ አሥረኛ ያህሉን ያጣል። ደባርቅ ላይ ከሩብ በላይ ተቀንሶበታል ማለት ነው። ስለዚህ ወረቀቱ ላይ ደኅና የሚመስል ትንሽ ሞተር ሁለት ሰው ጭኖ ዳገት ላይ ይለምናል። 100 ሲሲውን ትተን 150 ሲሲውን እንድንይዝ የምንመክረው ለዚህ ነው። ካርቡሬተር ያለው ከሆነ ደግሞ በከፍታው ላይ ቤንዚን ይበዛበትና ካንዴላው ይጠቁራል፤ ጥሩ መካኒክ ጂግለሩን በትንሹ ለውጦ ያስተካክለዋል።

3ኛ/ ጥርሱ። የኋላውን ጥርስ በሁለት ወይም በሦስት የሚበልጥ ቢለውጡት ሞተሩ ሜዳ ላይ ፍጥነቱ ይቀንሳል፤ ዳገት ላይ ግን ይጎትታል፤ ቁልቁለትም ላይ በተሻለ ይይዛል። እኛ የምንሮጥበት ሜዳ የለንም።

4ኛ/ ጭነቱ። የኋላ መጫኛውን በቶንዲኖ አጠናክሮ ማስበየድ ይቻላል፤ ሲበየድ ግን ባትሪው ይፈታ። መጫኛው ከጎማው እምብርት ወደ ኋላ እንዳይርቅ፤ ጭነት ወደ ኋላ ሲበዛ የፊት ጎማው ይቀላል፤ መሪው አይታዘዝም። የበቅሎውን ጭነት በግራና በቀኝ እንደምንከፍል እንዲሁ ይከፈል።

5ኛ/ የማይነካው። የጭስ ማውጫውን ቆርጦ ማስጮህ፣ መስተዋቱን አውልቆ መጣል፣ ፍሬቻውን ማጥፋት፣ ይኸ ማሳመር አይደለም። መርዶ ነጋሪ እየጮኸ አይመጣም።

6ኛ/ ያገለገለ ሞተር ከተገኘ፣ የቀለሙን ማማር አንይ። መቀመጫውን አንሥተን ከሥሩ ያለውን ብረት፣ ብየዳውንና ዝገቱን እንይ። ገጣባ ያለው ከኮርቻ ሥር ነው ብለናል።

ማጠቃለያ

ሞተሩ ከተገዛ በኋላ አንድ መዝገብ ይከፈትለት። ከመውጣቱ በፊት ዘይቱን፣ ፍሬኑን፣ የጎማውን ንፋስ ሁለት ሰው አይቶ ሁለቱም ይፈርሙ። አንድ ሰው ብቻ ሲፈርም ምን እንደሚሆን ከላይ ተናግረናል። ነጂውም መንጃ ፈቃድና የራስ ቁር ያለው፣ ቁልቁለት የሚያውቅ ይሁን።

የመጨረሻው ነገር ይኸ ነው። ሞተሩ መልእክተኛውን ያደርሳል እንጂ መርዶውን አይናገርም። መንደሩ ዳር ሲደርስ ድምፁን አጥፍቶ ይቁም። ነጂው በእግሩ ወደ ጎረቤት ይሂድ፤ ሽማግሌ ይጥራ፤ ከሽማግሌዎቹ ጋር ደጃፍ ይድረስ። ጡሩንባችንም ይቀጥል፤ እርሱ ለሰፈሩ፣ ሞተሩ ለሩቁ ነው። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ ከመዋጮአችን ላይ ጥቂት ጥቂት ጨምረን ይኸን ብናደርግ፣ ከእንግዲህ ወዲያ ከኛ ዕድር ልጅ ለእናቱ ቀብር አይዘገይም ብለን ተስፋ እናደርጋለን።

ቸር ወሬ ያሰማን።